የመንገድ አቤቱታችን ሁለት ጊዜ መልስ አጣ፤ ሦስተኛውን ደብዳቤ እንዴት እንጻፈው?

ጠዋት ተጓዥ (ክሩን የከፈተው)

ለሁላችሁም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ክር የከፈትኩት በሰፈራችን የሚያልፈው መንገድ ከዓመት ዓመት እየተበላሸ በመሄዱና እኛ ነዋሪዎች ደጋግመን አቤት ብንልም ሰሚ በማጣታችን ነው። መንገዱ አጭር ነው። ከዋናው ጎዳና ተገንጥሎ በትምህርት ቤቱ በር በኩል ያልፍና መኖሪያ ቤቶቹ መሐል ይደርሳል። በዚህች አጭር ርቀት ላይ አስፋልቱ ተቦርቡሮ ውኃ ያቁራል፣ የእግረኛው መንገድ በቆሙ መኪኖች ተይዟል፣ ከጎዳናው የሚታጠፉት ተሽከርካሪዎች ደግሞ ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ ልጆች ወደሚመላለሱበት ቦታ ይገባሉ።

እስካሁን ሁለት ደብዳቤ ጽፈናል። የመጀመሪያው «መንገዳችን በመበላሸቱ ነዋሪው ለከፍተኛ ችግር ስለተጋለጠ አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚል ሲሆን፣ ቤት ለቤት ተዞሮ የሰፈሩ ሰው ፈርሞበታል። «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልን፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የት እንደደረሰ የሚነግረን አላገኘንም። ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ከማስታወስ ያለፈ ነገር አልነበረውም።

በቅርቡ የሁለቱንም ቅጂ አውጥቼ ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። በሁለቱም ውስጥ አንድ ቁጥር እንኳ የለም። ጉድጓዱ ከየትኛው በር ፊት ለፊት እንደሆነ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ፣ መኪኖቹ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያልፉ፣ ልጆቹ በስንት ሰዓትና በየት በኩል እንደሚሻገሩ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አልጻፍንም። ያነበበው ሰው አዝኖልን ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ባለሙያ በእጁ ይዞ ወደ ቦታው ሊወጣበት የሚችል ነገር አልሰጠነውም።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሁለት ጠዋት ሜትርና ጠመኔ ይዤ ወጣሁ። በመንገዱ ዳር 50 ሜትር ለክቼ መነሻውንና መድረሻውን ምልክት አደረግሁና መኪኖቹ ያንን ርቀት ለማለፍ የሚወስድባቸውን ጊዜ በስልኬ መያዝ ጀመርኩ። ስሌቱ ቀላል ነው። 50 ሜትሩን በ6 ሰከንድ የሚያልፍ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ በ3.6 ሰከንድ የሚያልፈው 50 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ተማሪዎች በሚገቡበት ሰዓት ካለፉት መኪኖች አብዛኞቹ 5 ሰከንድ እንኳ አልፈጀባቸውም።

ልዩነቱ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ እንዲህ ያስበው። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያልፋል ብንል፣ በ50 የሚነዳው በዚያች ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ30 የሚነዳው ግን በደረቅ አስፋልት ላይ 13 ሜትር ገደማ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ቆሟል። አንደኛው መኪና በቆመበት ስፍራ ላይ ሌላኛው ገና ፍሬኑን አልነካም ማለት ነው። ይህን ካሰላሁ በኋላ በዚያ በር ፊት ለፊት ቆሜ ልጆቹን ሳይ ዝም ብሎ መመለስ አቃተኝ።

ሦስተኛውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት፣ ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርቦ ውጤት ያገኘ ሰው ወይም በሙያው የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲመክረኝ እጠይቃለሁ።

የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ወንድሜ፣ ትክክለኛውን ስህተት አግኝተዋል። እኔ ብዙ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቻለሁና ደብዳቤዎች የሚቆሙበትን ቦታ ልንገርዎት።

አስፋልት፣ የፍሳሽ ቦይ፣ የመንገድ መብራት፣ የትራፊክ ምልክትና በእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆሙ መኪኖች ጉዳይ በአንድ ነዋሪ ዓይን አንድ መንገድ ናቸው፤ በመሥሪያ ቤት ግን በአብዛኛው የተለያዩ ክፍሎች፣ አንዳንዴም የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ናቸው። አምስቱን በአንድ ገጽ ጽፈው ሲያስገቡ መጀመሪያ የደረሰው ክፍል የእኔ ነው የሚለውን አንዷን መስመር ያይና የቀረውን ሌላው ይመልሰዋል ብሎ ያስቀምጠዋል። ሌላው ክፍል ደግሞ ደብዳቤውን ከነጭራሹ አያየውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻው አጭር ደብዳቤ ጽፈው፣ የሁሉንም ግልባጭ ለበላይ ኃላፊው ያስገቡ። ደብዳቤው የተመዘገበበትን ቁጥርና ቀን ሳይቀበሉ ከመስኮቱ አይሂዱ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄዱ «ያ ደብዳቤያችን» የሚል ሰውና «በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር የገባው» የሚል ሰው የሚያገኙት መስተንግዶ አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ጊዜ ነው። የጥገና ሥራ የሚሠራው ዕቅድ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ዕቅዱ የሚዘጋጀው ደግሞ የበጀት ዓመቱ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ነው። በጀት ከተደለደለ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ቢያምኑበትም «በሚቀጥለው ዓመት ይታያል» የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ «አስቸኳይ መፍትሔ ይሰጠን» ከማለት ይልቅ «ይህ መንገድ በየትኛው ዓመት የጥገና ዕቅድ ውስጥ እንዳለ፣ ከሌለም በሚቀጥለው እንዲገባ ምን ማቅረብ እንዳለብን በጽሑፍ ይገለጽልን» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ልመና ስለሆነ በዝምታ ይታለፋል። ሁለተኛው ግን መልስ የሚጠይቅ ጥያቄ ነው።

የመንገድ ሥራ ባለሙያ

ስለ አስፋልቱ ልጨምር። በጻፉት ውስጥ ለእኔ ዋናው ቃል «ውኃ ያቁራል» የሚለው ነው። ብዙ ነዋሪ ጉድጓዱን በሽታው አድርጎ ያየዋል፤ በሽታው ግን ብዙውን ጊዜ ውኃው ነው።

ጉድጓድ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። አስፋልቱ በፀሐይና በዕድሜ ሲደርቅ በላዩ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ይወጣሉ። መውጫ ያጣ ውኃ በስንጥቁ ሰርጎ ከታች ያለውን የጠጠርና የአፈር ንጣፍ ያርሰዋል፣ የረጠበው ንጣፍ ደግሞ ክብደት የመሸከም አቅሙን ያጣል። ጎማ በላዩ ሲያልፍ ውኃው ተጨምቆ ይወጣል፤ ሲወጣም ደቃቁን አፈር ይዞት ይሄዳል። ይህ በሺህ ጊዜ ሲደጋገም ከሥሩ ባዶ ቦታ ይፈጠርና የላዩ አስፋልት ቁልቁል ይሰበራል። ከባድ መኪና ያፋጥነዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተሠራው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ የአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ) ጭነት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በእጥፍ አይቆምም፤ ወደ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በሰፈራችሁ ውስጥ ለአቋራጭ ብለው የሚያልፉ የጭነት መኪኖች ካሉ እነርሱንም ቁጠሯቸው።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ጥገና ሲመጣላችሁ ሠራተኞች ጉድጓዱ ውስጥ ሬንጅ የተለወሰ ጠጠር ጨምረው በአካፋ ደልድለው ከሄዱ፣ ዝናብ ሲመጣ ያው ጉድጓድ ይመለሳል። ደህና ጥገና የሚባለው የተጎዳው ክፍል ጤነኛው አስፋልት እስኪገኝ ድረስ በቀጥታ ጠርዝ ተቆርጦ ሲወጣ፣ ውስጡ ከውኃና ከአቧራ ሲጸዳ፣ ጠርዙና ወለሉ ቀጭን ሬንጅ ሲቀባ፣ ከዚያም ድብልቁ በየንጣፉ እየተጠቀጠቀ ሲሞላ ነው። ይህን የሚያውቅ ነዋሪ ሥራው ሲሠራ ቆሞ በትሕትና መጠየቅ ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን ቦዩ መከፈት አለበት። በዝናብ ጊዜ ወጥታችሁ ውኃው ከየት መጥቶ የት እንደሚቆም ተመልከቱ፤ ፎቶግራፍም አንሡ። ፀሐይ ሲወጣ የተነሣ የጉድጓድ ፎቶ ከዚያ ግማሹን እንኳ አይናገርም።

ጠዋት ተጓዥ

ትናንት ማታ ስለዘነበ ምክርዎን ተቀብዬ ወዲያው ወጣሁ። ውኃው ከላይ ከመታጠፊያው ጀምሮ የጠርዙን ድንጋይ ተከትሎ ይወርድና ከትምህርት ቤቱ በር 10 እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ ወዳለው የብረት ፍርግርግ ይደርሳል። ፍርግርጉ ላይ ደረቅ ቅጠል፣ የላስቲክ ከረጢትና ጭቃ ተጋግሮ እንደ ክዳን ደፍኖታል። ውኃው እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ይሞላል፣ ከዚያም ወደ መሐል አስፋልቱ ይዞራል። ትልቁ ጉድጓድ ያለው በትክክል ውኃው በሚዞርበት ቦታ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ስንት ዓመት ስመላለስ ሁለቱን አገናኝቼ አይቼ አላውቅም ነበር።

የሁለት ልጆች እናት

የአስፋልቱ ነገር አስፈላጊ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ውይይቱ ወደ ጉድጓድ ብቻ እንዳይሄድብን እሰጋለሁ። ጉድጓድ ጎማ ይሰብራል፤ ፍጥነት ግን ልጅ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ላይ ይሞታሉ፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ላሉትም ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ያው ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሞት የሚያስከትል አደጋ በ4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይገልጻል።

እኔ በየቀኑ የማየውን ልናገር። ትንሹ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። መታጠፊያው ጥግ ድረስ መኪና ስለሚቆም፣ ለመሻገር ሲፈልግ በሁለት መኪኖች መሐል ወጥቶ አንገቱን ማስገግ አለበት። ከቆመው መኪና አፍንጫ በላይ የሚታየው ግንባሩ ብቻ ነው። የሚመጣው ሾፌር ምንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን ያላየውን ልጅ ሊጠብቀው አይችልም። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ከማንኛውም ነገር በፊት ከመታጠፊያውና ከዜብራው አጠገብ መኪና እንዳይቆም የሚያደርግ አካላዊ መከላከያ እንዲጠየቅ እለምናለሁ። በአሜሪካ ሆቦከን የምትባል ከተማ ይህንኑ፣ ማለትም የመንገድ ጥጎችን ከቆሙ መኪኖች ነጻ ማድረግን፣ ከሌሎች እርምጃዎች ጋር አጥብቃ በመሥራቷ ከ2017 እ.ኤ.አ. በኋላ ለበርካታ ተከታታይ ዓመታት አንድም የትራፊክ ሞት አልተመዘገበባትም። ቀለም፣ ጥቂት ምሰሶና የብስክሌት ማቆሚያ ብረት ነው የሚጠይቀው።

በኔዘርላንድስም በ1971 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ብቻ ከ400 በላይ ሕፃናት በመንገድ ላይ ከሞቱ በኋላ ወላጆችና ነዋሪዎች «የሕፃናትን ግድያ አቁሙ» በሚል ስም ተደራጅተው ጎዳና ወጡ። ዛሬ ልጆች ብቻቸውን በብስክሌት የሚሄዱባት አገር ያኔ እንደ እኛ እናቶች የተጨነቁባት አገር ነበረች። ይህን የምጠቅሰው መንገዶቻቸው ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነበሩ የሚል ሰው ስለሚያጋጥመኝ ነው።

የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር

እህቴ ያለችውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ። ነገር ግን ብሬከር ይሠራልን ወደሚለው ጥያቄ ከመሄዳችሁ በፊት የሾፌሩንም ወገን እንድትሰሙ እፈልጋለሁ። ነዋሪው በራሱ አፈርና ድንጋይ ከምሮ የሠራውን፣ ቀለም የሌለውን፣ በሌሊት የማይታየውን፣ ጠርዙ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ብሬከር በየመንገዱ አያለሁ። ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው በጨለማ ሲደርስበት ይወድቃል፤ ወላድ ወይም አጥንቱ የተሰበረ ሰው ጭኖ የሚሄድ አምቡላንስ ደግሞ በሽተኛውን ያሠቃየዋል። አንዳንዱ ሾፌር ብሬከሩን ካለፈ በኋላ የጠፋበትን ጊዜ ለመመለስ ነዳጅ ረግጦ ይከንፋል። ፍጥነት እንዲቀንስ ከፈለጋችሁ በትክክል የተሠራ ነገር ጠይቁ። ካልሆነ አደጋውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ አዛወራችሁት እንጂ አልቀነሳችሁትም።

የመንገድ ሥራ ባለሙያ

ሾፌሩ የተናገሩት እውነት ነው። በራስ እጅ ብሬከር መሥራትን እኔም አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በሕግ ከማስጠየቁ በላይ በእርሱ ላይ ሰው ቢጎዳ ሠሪው በሕሊናው ይዞት ይኖራል።

በደንብ የተጠናው ቅርጽ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ተቋም የተሠራው ነው። ከመኪናው ጉዞ አቅጣጫ አንጻር 3.7 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከፍታው ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ጉብታ ነው። በዝግታ ላለፈበት ሰው አይጎረብጥም፤ የሚጎረብጠው ለፈጠነ ብቻ ነው። በአንድ ቦታ ብቻውን ከሆነ ሾፌሩ እንዳሉት ከእርሱ በኋላ ይከነፋል፤ ስለዚህ በተከታታይ መቀመጥ አለበት። ለእናንተ መንገድ ግን እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ዜብራውን ራሱን ወደ እግረኛው መንገድ ከፍታ ማንሣትንና የመታጠፊያውን ጥግ ማጥበብን ነው። ጥጉ ሰፊ ቅስት ሆኖ ሲሠራ መኪናው ሳይቀንስ እንዲታጠፍ ይጋብዘዋል። ጠበብ ያለ ጥግ ግን ትራፊክ ፖሊስ ባይኖርም መሪውን በዝግታ እንዲያዞር ያስገድደዋል፤ እግረኛውም የሚሻገረው ርቀት ያጥርለታል።

የስዊድን ምክር ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የመንገድ ደኅንነት መርህ መነሻው ይኸው ሐሳብ ነው፦ ሰው ይሳሳታል፤ መንገዱ ስህተቱ ወደ ሞት እንዳያደርሰው ተደርጎ ይሠራ። የኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ በ1992 እ.ኤ.አ. ከዋና ዋና ጎዳናዎቿ በቀር በሁሉም መንገዶቿ ላይ የ30 ኪሎ ሜትር ገደብ ደንግጋለች። ሄልሲንኪም ገደቡን እያወረደች መንገዶቿን ደረጃ በደረጃ ካሻሻለች በኋላ በ2019 እ.ኤ.አ. አንድም እግረኛ አልሞተባትም። ምልክት መትከል ብቻውን ጥቂት ይሠራል፤ መንገዱ ራሱ ሲያዘገይ ነው ለውጡ የሚመጣው።

በነጭ በትር የምሄድ

እስካሁን ስለሚያዩ እግረኞች ተነጋግራችኋል፤ እኔ ማየት የተሳነኝ ሰው ነኝ። ለእኔ የእግረኛ መንገድ ማለት በበትሬ ጫፍ የማነበው ነገር ነው። መኪና ሲቆምበት ወደ አስፋልቱ ወርጄ ዞሬ መመለስ አለብኝ፤ ስመለስ የጠርዙን ድንጋይ የማገኝበት ቦታ አይታወቅም። ክዳኑ የተነሣ ማንሆል ለሚያይ ሰው የከተማ ገጽታ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን እግር መሰበር ነው። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ ሦስት ወር ቤት ውያለሁ።

ዜብራው ከፍ ይበል ስትሉ አንድ ነገር እንዳትረሱ። በዊልቸር የሚሄድ ወንድሜ ጠርዙ ከአስፋልቱ ጋር እኩል እንዲሆንለት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ጠርዙ ጨርሶ ከጠፋ የእግረኛው መንገድ አልቆ የመኪናው መጀመሩን የማውቅበት የለኝም። ሁለታችንንም የሚያስማማው መፍትሔ ካለ ቆይቷል፦ ጠርዙ ተስተካክሎ በቦታው ላይ በእግርና በበትር የሚለዩ ባለ ጉብጉብ ንጣፎች ይደረጋሉ። ይህ ንጣፍ በጃፓን ተፈልስፎ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1967 እ.ኤ.አ. በኦካያማ ከተማ ተነጥፏል። በደብዳቤያችሁ ላይ አንዲት መስመር ከጨመራችሁልኝ ይበቃኛል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ አፍርሱና ጨምሩ ከማለት አሁን መጻፉ ይቀላል።

የመሻገሪያ መብራት ከተጠየቀም ሰዓቱን በአዛውንቶች እርምጃ ለኩት። 12 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው በ10 ሰከንድ ይሻገራል፤ በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመድ አዛውንት ግን 15 ሰከንድ ያስፈልገዋል።

ጠዋት ተጓዥ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት አንዱን ደብዳቤ በአራት ከፍዬዋለሁ፦ የቦዩ፣ የአስፋልቱ፣ የመታጠፊያውና የመሻገሪያው፣ እንዲሁም የእግረኛው መንገድ። የሁለተኛውን ረቂቅ እዚህ አስቀምጣለሁ፤ የጎደለውን እንድትነግሩኝ እጠይቃለሁ።

«ከትምህርት ቤቱ ዋና በር በስተላይ 10 እርምጃ ያህል ላይ ያለው የውኃ መውረጃ ፍርግርግ በመደፈኑ የዝናብ ውኃ ወደ አስፋልቱ መሐል እየዞረ ነው። ውኃው በሚዞርበት ቦታ የተፈጠረው ጉድጓድ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲም ርዝመት፣ 90 ሳንቲም ስፋትና በጥልቁ ቦታ 12 ሳንቲም ጥልቀት አለው። መኪኖች ይህንን ለመሸሽ ወደ ግራ ስለሚያጥፉ ተማሪዎች ከሚቆሙበት ጠርዝ እጅግ ተጠግተው ያልፋሉ። በዝናብ ጊዜና ከዝናብ በኋላ የተነሡ ፎቶግራፎች ተያይዘዋል። ፍርግርጉ አስቀድሞ እንዲጠረግ፣ ከዚያም ጉድጓዱ ተቆርጦ እንዲጠገን፣ ይህ መንገድ በየትኛው ዓመት የጥገና ዕቅድ ውስጥ እንደሚገኝም በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።»

ለመታጠፊያው ደብዳቤ የሁለት ጠዋት ልኬት አይበቃም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪዎች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት የመኪኖችን ፍጥነት የሚይዝ አንድ ሰው፣ የሚሻገሩትን ልጆች የሚቆጥር ሌላ ሰው ያስፈልገኛል። የሁለት ልጆች እናት የጠዋቱን ለመያዝ በግል መልእክት ፈቃደኛነታቸውን ገልጸውልኛል። የከሰዓት በኋላውን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሰዓት መያዣውንና የመመዝገቢያ ወረቀቱን እኔ አዘጋጃለሁ።

የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተረኛ አይደለሁም፤ እመጣለሁ። የጭነት መኪኖቹንም ለብቻ እንቁጠራቸው፣ አክስላቸውን እኔ እለያለሁ።